ጨው ያቆማት ከተማ፤ ቅዳሜና እሑድ በታሊን

ለንግድ ጉዳይ ወደ ሰሜን አውሮፓ የሚሄድ ሰው ሁሉ የሚያውቀው አንድ ችግር አለ። ይኸውም ዓርብ ከቀትር በኋላ ቢሮው ሁሉ መዘጋቱ ነው። ቡና ገዢውም፥ የባንኩ ሹምም፥ የመርከብ ወኪሉም ወደየቤቱ ይገባል፤ እስከ ሰኞ ጧት ድረስ ስለ ናሙና ወይም ስለ ዋጋ የሚያነጋግር ሰው አይገኝም። እንግዳው ነጋዴ በሆቴሉ መስኮት ዝናቡን እየተመለከተ የሁለት ቀን የአልጋና የምግብ ሒሳብ ይከፍላል። ይህ ወጪ በመዝገብ ላይ ኪሳራ ተብሎ ባይጻፍም ኪሳራ መሆኑ አይካድም።

የፊንላንድ ሕዝብ በነፍስ ወከፍ ሲሰላ በዓለም ላይ ብዙ ቡና ከሚጠጡት ሕዝቦች ተርታ የሚቆም ስለ ሆነ፥ ሄልሲንኪ ለኢትዮጵያ ቡና ላኪዎች እንግዳ ስም አይደለችም። ከዚያች ከተማ ወደብ ተነሥቶ ባሕረ ሰላጤውን ለሚሻገር ሰው የኤስቶኒያ ዋና ከተማ ታሊን የምትርቀው 80 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ትልልቆቹ መርከቦች በየቀኑ ይመላለሳሉ፤ ጉዞውም ሁለት ሰዓት ወይም ከዚያ ጥቂት የሚበልጥ ጊዜ ይፈጃል። ሁለቱም አገሮች በሸንገን ውል ውስጥ ስላሉ በፊንላንድ ቪዛ የገባ መንገደኛ ሌላ ቪዛ አያሻውም፤ በሁለቱም አገር የሚሠራበት ገንዘብ ዩሮ ስለ ሆነ ምንዛሪ ፍለጋ አይዞርም። ሆኖም ፓስፖርቱን በሆቴል ትቶ መሄድ አይገባውም፤ በቪዛው ላይ የተፈቀደለትን ቀንም አስቀድሞ ይቁጠር። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።)

ታሊን የሕዝቧ ቁጥር ከግማሽ ሚሊዮን ያነሰ ትንሽ ዋና ከተማ ናት። አሮጌው ክፍሏ በድንጋይ ግንብ የተከበበ ሲሆን በ1997 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። መንገደኞች ብዙውን ጊዜ የሚያደንቁት የማማዎቹን ቁመት ነው፤ ነጋዴ ግን ሌላ ነገር ማየት አለበት። ይህች ከተማ የነገሥታት መቀመጫ አልነበረችም። ያቆማት ንግድ ነው፤ ከንግዱም ይልቁን ጨው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሬቫል ትባል የነበረችው ይህች ወደብ በ1248 የሉቤክን የከተማ ሕግ ተቀበለች፤ በ1285 ደግሞ ሐንዛ በሚባለው የጀርመን ነጋዴዎች ከተሞች ማኅበር ውስጥ ገባች። ከምዕራብ፥ ከፈረንሳይና ከፖርቱጋል ጠረፍ፥ ጨው በመርከብ ይመጣል፤ ከጨው ጋር የሱፍ ጨርቅና የጨው ዓሣ ይመጣል። ከምሥራቅ፥ ከሩሲያው የንግድ ከተማ ከኖቭጎሮድ፥ ሰምና ጠጉራም የአውሬ ቆዳ ይወርዳል። የሬቫል ነጋዴ በመካከል ተቀምጦ ይመዝናል፥ ያከማቻል፥ ያሻግራል። አሞሌ ገንዘብ ሆኖ በኖረበት አገር የተወለደ አንባቢ፥ ጨው ከተማ ሠራ ሲባል ቢሰማ አይደነቅም።

ፒክ በተባለው ረጅም መንገድ የሚሄድ ሰው ቆም ብሎ የቤቶቹን ግንባር ይመልከት። ጣሪያቸው ሹል ነው፤ በጣሪያው ጫፍ አጠገብ ከግድግዳው ወደ ውጭ የወጣ ግንድ በአንዳንዶቹ ላይ ዛሬም ይታያል። ይህ የመዘውር ማንጠልጠያ ነው። ምድር ቤቱ እንግዳ የሚቀበሉበትና የሚዋዋሉበት አዳራሽ ነበረ፤ ቤተሰቡ እሳት በሚነድበት የኋላ ክፍል ይኖራል፤ ከዚያ በላይ ያለው ቆጥ ሁሉ መጋዘን ነው። ጆንያው በገመድ ተስቦ በመስኮት ይገባል። ባለቤቱ ከሸቀጡ ሥር ይተኛ ነበር ማለት ነው። ሱቁና ቤቱ አንድ የሆነበት የመርካቶ ሰው ይህን አሠራር ለመረዳት አስተርጓሚ አይፈልግም።

በዚሁ መንገድ ላይ የታላቁ የነጋዴዎች ማኅበር አዳራሽ ይገኛል። ሥራው በ1410 የተፈጸመ ሲሆን ዛሬ የታሪክ ሙዚየም ነው። በዚህ ማኅበር ለመግባት ባለትዳርና በከተማይቱ ውስጥ ቤት ያለው መሆን ያስፈልግ ነበር። ገና ያላገቡት ነጋዴዎችና ከውጭ የመጡት ግን በሌላ ማኅበር ይሰበሰባሉ፤ ስሙም የጥቁር ራሶች ወንድማማችነት ይባላል። ስሙ የወጣው ጠባቂያቸው ካደረጉት ከቅዱስ ሞሪስ ነው፤ ይህ ሰማዕት በትውፊት ከግብፅ የመጣ የሮማ ጦር አለቃ ነው፤ በሥዕል ሲያቀርቡትም ፊቱን ጥቁር አድርገው ይሥሉታል። በቀለም ባሸበረቀው የማኅበሩ ቤት በር ላይ የጥቁር ሰው ራስ ተቀርጾ ይታያል። ከኢትዮጵያ የሄደ መንገደኛ በዚያ ብርዳም ወደብ፥ በነጋዴዎች ደጃፍ ላይ፥ ይህን ፊት ሲያገኝ ጥቂት ሳይገረም አያልፍም።

ሁለቱ ማኅበሮች ገንዘብ አዋጥተው ለቅዱስ ኒቆላዎስ ቤተ ክርስቲያን በሉቤኩ ሠዓሊ በሄርመን ሮዴ ያሠሩት የመንበር ሥዕል እስከ ዛሬ አለ። ቅዱስ ኒቆላዎስ በዚያ አገር የነጋዴዎችና የመርከበኞች ጠባቂ ነው። ሥዕሉ በ1481 ተፈጸመ። ሕንፃው በመጋቢት 1944 በቦምብ ቢፈርስም ሥዕሉ አስቀድሞ ስለ ተነሣ ተረፈ። ቤተ ክርስቲያኑ ታድሶ ሙዚየም ሆኗል፤ ከማኅበሮቹ የብር ዕቃም በዚያው የሚታይ አለ። ጊዜ ያጠረው ሰው ሌላውን ሁሉ ትቶ ይህን ቢያይ ይሻላል።

በማዘጋጃ ቤቱ አደባባይ ላይ ሕንፃው በ1404 ከቆመው ማዘጋጃ ቤት ፊት ለፊት አንድ መድኃኒት ቤት አለ። ስሙ በጽሑፍ የሚገኘው ከ1422 ጀምሮ ነው፤ በአውሮፓ ሥራቸውን ካላቋረጡት ጥንታውያን መድኃኒት ቤቶች አንዱ ነው ይባላል። ከ1582 ጀምሮ ቡርሃርት የተባለ አንድ ቤተሰብ ከአባት ወደ ልጅ እያስተላለፈ ከ300 ዓመት በላይ ይዞት ኖሯል። ሱቅ ከፍቶ ለልጁ ማውረስ የሚያስብ ሰው እዚያ ገብቶ የሳል መድኃኒት ቢገዛም አይጸጸትም።

ይህ ሁሉ ሀብት የተንጠለጠለው በአንድ መንገድ ላይ ነበረ። በ1494 የሞስኮው ገዢ ሦስተኛው ኢቫን በኖቭጎሮድ የነበረውን የሐንዛ ንግድ ቤት ዘጋ፤ ነጋዴዎቹን አሠረ፥ ዕቃቸውንም ወረሰ። በዚያው ዘመን የእንግሊዝና የሆላንድ መርከቦች በባልቲክ ባሕር እየበረከቱ ሄዱ። የባሕሩ በር እንዳለ ሆኖ ከበሩ ጀርባ ያለው ገበያ ከራቀ፥ ወደብ ምን ያህል እንደሚጠቅም በሰው አገር ወደብ የሚነግድ ሰው ያውቀዋል። ከተማይቱ በ1561 ለስዊድን፥ በ1710 ደግሞ ለሩሲያ ገባች።

በሩሲያ ዘመን፥ ከ1742 እስከ 1752፥ የዚህች ምሽግ አዛዥ ሆኖ የተቀመጠው አብርሃም ሐኒባል ነው። ሐኒባል በልጅነቱ ከአፍሪካ ተወስዶ በታላቁ ጴጥሮስ ቤት ያደገ የምሽግ መሐንዲስ ሲሆን የባለቅኔው የፑሽኪን ቅድመ አያት ነው። የትውልድ ቦታው እስከ ዛሬ ያከራክራል፤ አንዳንዶች በኢትዮጵያና በኤርትራ በኩል፥ ሌሎች በቻድ ሐይቅ አካባቢ ነው ይላሉ። ክርክሩን ለሊቃውንት ትቶ፥ አፍሪካዊው ጄኔራል ዐሥር ዓመት ያዘዘበትን የግንብ ጥግ መዞር ለሐበሻ መንገደኛ የሚያስደስት ነገር ነው።

ኤስቶኒያ በ1918 ነጻነቷን አወጀች፤ በ1940 የሶቪየት ኅብረት ያዛት። በዚያ ዓመት የጥቁር ራሶች ማኅበር ተዘጋ፤ ፋብሪካውም፥ ባንኩም፥ ትልልቁ ቤትም ለመንግሥት ሆነ። በ1975 በኢትዮጵያ የተደረገውን የሚያስታውስ ነጋዴ ቀሪውን ራሱ ይጨምርበታል።

ነጻነቷ በነሐሴ 1991 ከተመለሰ በኋላ የሆነው ግን ለነጋዴ ከማማዎቹ ሁሉ የበለጠ ትምህርት አለው። ሰኔ 20 ቀን 1992 አገሪቱ ሩብልን ትታ ክሮን የተባለ የራሷን ገንዘብ አወጣች። እያንዳንዱ ነዋሪ እስከ 1,500 ሩብል አምጥቶ በ10 ሩብል አንድ ክሮን እንዲመነዝር ተፈቀደለት፤ የክሮኑም ዋጋ ለአንድ የጀርመን ማርክ 8 ሆኖ ተወሰነ። እንግዲህ አንድ ሰው 150 ክሮን፥ ማለት 19 ማርክ የማይሞላ ገንዘብ፥ በእጁ ይዞ አዲሱን ኑሮ ጀመረ። ለገንዘቡ መያዣ ከሆነው ሀብት አንዱ ክፍል ከ1940 በፊት በምዕራብ አገሮች ባንኮች ተቀምጦ ከ50 ዓመት በኋላ የተመለሰው ወርቅ ነበረ። ክሮኑ እስከ 2010 መጨረሻ ድረስ ሠርቶ በ2011 መጀመሪያ ለዩሮ ቦታውን ለቀቀ።

ዛሬ ታሊን የምትታወቀው በኮምፒዩተር ሥራ ነው። መንግሥት ከ2014 መጨረሻ ጀምሮ ለውጭ ሰዎች የኤሌክትሮኒክ ነዋሪነት መታወቂያ ይሰጣል፤ በዚህም ሩቅ አገር ተቀምጦ በኤስቶኒያ ኩባንያ ማቋቋም ይቻላል። ነገር ግን ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ ይህ መታወቂያ ቪዛም የመኖሪያ ፈቃድም አይደለም፤ ባንክም ሒሳብ እንዲከፍት አያስገድድም። ይህን ሳይነግር ወረቀቱን አወጣልሃለሁ የሚል ደላላ ቢመጣ መጠርጠር ነው።

ስለ ምግብ ብዙ ማለት አያስፈልግም። በአደባባዩ ዙሪያ አስተናጋጆቹ የጥንት ልብስ ለብሰው የሚያቀርቡባቸው ቤቶች አሉ፤ ዋጋው ከልብሱ ጋር አብሮ የተሰፋ ይመስላል። በ2017 ታድሶ የተከፈተው በባቡር ጣቢያው አጠገብ ያለው ገበያ ይሻላል፤ ጥቁር ዳቦው፥ የጢስ ዓሣውና የገጠሩ ማር በዚያ አለ፤ እሑድም ይሠራል። ቡና ለመቅመስ የሚፈልግ ከ1864 ጀምሮ በዚያው ቦታ የሚሠራው ማያስሞክ የሚባለው ቡና ቤት በፒክ መንገድ ላይ ይገኛል፤ ከተፈጨ ለውዝ የሚሠራው ጣፋጭም በዚያ ይሸጣል።

በሰኔ ወር ፀሐይ እስከ ማታ አራት ሰዓት ተኩል አካባቢ አትጠልቅም፤ በታኅሣሥ ግን ብርሃኑ ስድስት ሰዓት ያህል ብቻ ስለ ሆነ ዙረቱን ከቀትር በፊት መጀመር ይገባል። በክረምት የመንገዱ ድንጋይ በረዶ ሲይዘው ያንሸራትታል፤ የቢሮ ጫማ አይሆንም። ወደቡ ከአሮጌው ከተማ በእግር የሩብ ሰዓት መንገድ ነው። ሰኞ ጧት ሄልሲንኪ ላይ ቀጠሮ ያለው ነጋዴ እሑድ ማታ ይመለስ፤ ባሕሩ በነፋስ ሲናወጥ ጉዞ ሊዘገይ ስለሚችል የመጨረሻውን መርከብ ትቶ ከእርሱ በፊት ያለውን ይያዝ።