ረጅም ቃል በድምፅና በትርጉም ሲከፈል

በመቱ፣ በጎሬም ሆነ በያዮ እስከ 8ኛ ክፍል በአፋን ኦሮሞ የተማረ ተማሪ 9ኛ ክፍል ሲገባ ፊዚክስን በእንግሊዝኛ መማር ይጀምራል። ያን ጊዜ ከሕጎቹ አስቀድሞ የሚገጥመው የቃላቱ ርዝመት ነው። ብዙዎች ቃሉን ፊደል በፊደል ይሸመድዱና ከፈተናው ማግስት ይረሱታል። ለመሆኑ ረጅም ቃል እንዴት ይከፈላል?

መንገዱ ሁለት ነው። በድምፅ ሲከፈል ክፋዩ ክፍለ ቃል ይባላል፤ አብዛኛውን ጊዜ እምብርቱ አንድ አናባቢ ነው። በትርጉም ሲከፈል ግን ትርጉም ያለው ትንሹ ክፋይ ምዕላድ ይባላል።

ሁለቱ ክፍፍሎች ሁልጊዜ አይገጥሙም። «ቴርሞሜትር» የምንለው ቃል በእንግሊዝኛ ሲነበብ «ተር–ሞም–ኢ–ተር» ተብሎ በአራት ክፍለ ቃላት ይከፈላል፤ ጎልቶ የሚነገረውም ሁለተኛው ነው። ምዕላዶቹ ግን ሁለት ብቻ ናቸው፦ «ቴርሞ» ሙቀትን፣ «ሜትር» መለኪያን ያመለክታሉ፤ ምንጫቸውም ግሪክኛ ነው። የ«ም» ድምፅ በንባብ ከፊተኛው ጋር ቢጣበቅም በትርጉም የኋለኛው ነው።

ይህ ለአካባቢው ተማሪ እንግዳ አይደለም። በአፋን ኦሮሞ መምህር «በርሲሳ» ይባላል። በድምፅ «በር–ሲ–ሳ» ነው። በትርጉም ግን «በር» መማርን፣ «ሲስ» ማስደረግን ሲያመለክቱ፣ የመጨረሻው «ኣ» ቃሉን ስም ያደርገዋል። የሁሩሙ አካባቢ ተወላጅ የሆኑት ኦነሲሞስ ነሲብ እ.ኤ.አ. በ1899 ለታተመው የአፋን ኦሮሞ መጽሐፍ ቅዱስ በተጠቀሙበት የግዕዝ ፊደል «ሳ» አንድ ሆሄ ስለሆነ የምዕላዶቹ ድንበር በውስጡ ይደበቃል። በቁቤ ግን ተነባቢና አናባቢ ለየብቻ ስለሚጻፉ ድንበሩ ይታያል።

«ቴርሞ»ን የለየ ተማሪ «ቴርሞዳይናሚክስ» ሲገጥመው አይደናገጥም። «አይሶ» እኩል ማለት መሆኑን ካወቀም «አይሶተርማል» የተባለው ሂደት ምን እንደሆነ መገመት ይችላል። እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያሻል። በዚህ ሂደት የማይለወጠው መጠነ ሙቀት ነው እንጂ ሙቀትማ ሊገባም ሊወጣም ይችላል። ቴርሞሜትርም የሚለካው መጠነ ሙቀትን ነው።

እንግዲህ ክፍለ ቃል ለንባብና ለአጻጻፍ፣ ምዕላድ ለግምት ይረዳናል። ግምቱን የሚያጸናው ወይም የሚያርመው ግን የሳይንሱ ብያኔ ስለሆነ፣ ቃሉን ከፍለን ስናበቃ ወደ ብያኔው መመለስ ይኖርብናል።