ጸበሉም ክኒኑም

አማኑኤል ሆስፒታል በአገራችን ለረጅም ዘመን ብቸኛው የአእምሮ ሕክምና ቤት ስለነበር፣ ብዙ ሰው ሕክምናውን ከዚያ ግቢ ውጭ አያስበውም። ዛሬ በየጤና ጣቢያው ለዚሁ የሠለጠኑ ነርሶች እየተመደቡ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ነርሱ የሚጠይቀው የመጀመሪያው ጥያቄ ነው።

ሰሊጥ ለማረምና ለማጨድ ከደጋ ወደ ቆላው አብደራፊ የሚወርደው የቀን ሠራተኛ ዘመድ አብሮት የለም። ሲከፋው «ራሴን ያቃጥለኛል፣ ሰውነቴን ይነዝረኛል» ይላል፤ የቸኮለ ባለሙያም ማስታገሻ ሰጥቶ ይሸኘዋል። እዚያው ቆላ ያየሁት አንድ ነርስ እንዲህ አላደረገም። ጓደኞቹ ደግፈው ያመጡት ወጣት አንገቱን ደፍቶ ዝም ብሏል። «ወንዝ ዳር ለክፎት ነው» አሉ። ነርሱ መጀመሪያ ለወባ ደሙን አስመረመረ፤ ወባ ራሷ ታስቀባጥራለችና ቆላ ላይ ይህን ሳያጣሩ «አበደ» ማለት ነፍስ ያጠፋል። ወባ አለመሆኑ ሲታወቅ ጠጋ ብሎ «ወንድሜ፣ አንተስ ከምን የመጣ ይመስልሃል?» አለው። ልጁ ቆይቶ «ለእናቴ ገንዘብ ሳልልክ ሁለት ክረምት አለፈ፤ በምን ዓይኔ አያታለሁ?» አለ።

ሕመምን በየባህሉ መረዳት የእኛ ብቻ አይደለም፤ አሜሪካ ያሉ ሜክሲኳውያንም ከድንጋጤ የሚመጣ «ሱስቶ» የሚሉት ሕመም አላቸው፤ ወደ ባህል ሐኪማቸውም ይሄዳሉ። የአሜሪካ ሥነ አእምሮ ሐኪሞች መመሪያ በ2013 እ.ኤ.አ. በሽተኛው ስለ ሕመሙ የሚያምነውን የሚያስረዳባቸው 16 ጥያቄዎች አካቷል።

እኛ ዘንድ አልነቀል ያለው ስሕተት «ጸበል የገባ መድኃኒት አይነካም» የሚለው ነው። በ1999 ዓ.ም. የወቅቱ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ የኤችአይቪ መድኃኒትና ጸበል እንደማይጣሉ በይፋ ተናግረዋል። በእንጦጦ ማርያም ጸበልም የሥነ አእምሮ ባለሙያዎች ከአጥማቂዎች ጋር አብረው ሠርተዋል። እንዲያም ሆኖ ቤተሰብ ልጁ ትንሽ ሲሻለው ክኒኑን ያስጥለዋል፤ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ሲያገረሽበት በሰንሰለት ያስረዋል። ኧረ ተዉ! ጾም ካስቸገረ ክኒኑን ወደ ማታ ማዛወር ይቻል እንደሆነ ሐኪሙን ጠይቁ፤ ጸበል ቦታ ለሚሰነብት ደግሞ በወር አንዴ የሚወጋ መርፌ አለ። «ጸበሉን ተው» የሚል ባለሙያም እንደዚያው ያጠፋል፤ በሽተኛው ጸበሉን አይተውም፣ እሱን ይተወዋል እንጂ።

አጨዳው ሲያልቅ ሠራተኛው ወደ ደጋ ይመለሳል፤ ሕክምናውም ብዙ ጊዜ የሚቋረጠው ያኔ ነው። ስለዚህ አብደራፊ የጀመረለት ባለሙያ ለመንገዱ የሚበቃ ክኒን ይስጠው፤ የመድኃኒቱን ስምና መጠንም ለአገሩ ጤና ጣቢያ ጽፎ ያስይዘው።