ዳኛ ከመሆናቸው በፊት የሰጡት ገንዘብ

የንግድ ቤት ጸሐፊ ሆኖ የኖረ ሰው አንድ ነገር ጠንቅቆ ያውቃል፤ ይኸውም አንድ ጊዜ በመዝገብ የሰፈረ ወጪ የማይፋቅ መሆኑ ነው። የምሠራላቸው ነጋዴ ለቤተ ክርስቲያን ማሠሪያ፣ ለዕድር፣ ተወልደው ላደጉበት መንደር ትምህርት ቤት የሚሰጡትን ሁሉ በቀኑና በልኩ እጽፋለሁ። ዓመታት ካለፉ በኋላ እርሳቸው የረሱትን መዝገቡ ያስታውሳል። አንዳንድ ጊዜም ገጹን እያገላበጡ «ይህንንስ ለማን ነበር የሰጠሁት?» ብለው ይሥቃሉ።

ዛሬ የማወሳው እንዲሁ በመዝገብ ስለ ሰፈረ ልገሳ ነው። ልገሳው የተሰጠው በአሜሪካ አገር ለፖለቲካ ሰዎች ሲሆን፣ ሰጪው በኋላ ለዳኝነት በታጩ ጊዜ ብርቱ ክርክር አስነሥቷል። ነገሩ የሕግ ዐዋቂዎች ጉዳይ ብቻ መስሎ ይታይ ይሆናል። ነገር ግን ከተቃዋሚዎቹ አንዱ የእኛው ዐይነት የንግድ ምክር ቤት ስለ ነበረ፣ ክቡራን አንባቢዎች ታሪኩን ቢሰሙት አይከፋም ብዬ ገመትሁ። የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

በተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት የፌዴራል ዳኛን የሚያጨው ፕሬዚዳንቱ ነው፤ የሚያጸድቀው ደግሞ የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት፣ ማለት ሴኔቱ ነው። ሹመቱ የጸደቀለት ዳኛ መልካም ጠባይ እስካለው ድረስ ዕድሜውን ሙሉ በወንበሩ ይቀመጣል፤ ደመወዙም አይቀነስበትም። ፕሬዚዳንቱ በምርጫ ተሸንፎ ቢሄድ እንኳ የሾመው ዳኛ ይቀራል። ስለዚህም ሁለቱ ታላላቅ የፖለቲካ ወገኖች፣ ዴሞክራቶችና ሬፑብሊካኖች፣ ለወንበሩ አጥብቀው ይታገላሉ።

በዚያ አገር ለምርጫ ተወዳዳሪ ገንዘብ መስጠት የተፈቀደ ነው። ይሁን እንጂ በ1971 ወጥቶ ከዚያ ወዲህ በተሻሻለው ሕግ መሠረት፣ አንድ ሰው ለፌዴራል ተወዳዳሪ የሰጠው ገንዘብ ተደምሮ ከ200 ዶላር በላይ በሆነ ጊዜ ስሙ፣ አድራሻው፣ ሥራውና አሠሪው ከቀኑና ከገንዘቡ ልክ ጋር ለፌዴራል ምርጫ ኮሚሽን ይቀርባል። መዝገቡም ለማንም ክፍት ነው። እንግዲህ የአንድ ጠበቃ ስም ለዳኝነት በተነሣ ዕለት ተቃዋሚዎቹ ፈጥነው የሚገልጡት ይህን መዝገብ መሆኑ አያስደንቅም።

በማርች 2010 ፕሬዚዳንት ባራክ ኦባማ ሚስተር ጆን ማክኮኔል የተባሉትን ጠበቃ በሮድ አይላንድ ለሚገኘው የፌዴራል አውራጃ ፍርድ ቤት ዳኝነት አጩ። ሮድ አይላንድ ከአሜሪካ ክፍላተ ሀገር በስፋት ትንሿ ናት። ሰውየው ግን በትንሽ ነገር የሚታወቁ አልነበሩም። በ1998 አርባ ስድስት ክፍላተ ሀገር ከታላላቆቹ የሲጋራ ኩባንያዎች ጋር ባደረጉት ስምምነት፣ ኩባንያዎቹ በሃያ አምስት ዓመት ውስጥ ከ200 ቢሊዮን ዶላር በላይ ለመክፈል ሲገቡ፣ ሚስተር ማክኮኔል ከከሳሽ ወገን ከተሰለፉት ጠበቆች አንዱ ነበሩ። ከዚያም የሮድ አይላንድን መንግሥት ወክለው እርሳስ ያለበትን የቤት ቀለም በሠሩ ፋብሪካዎች ላይ ተሟገቱ። በ1978 በመላው አገር ለቤት እንዳይውል የተከለከለው ይህ ቀለም ከአሮጌ ቤቶች ግድግዳ እየተላጠ በሕፃናት ሰውነት ስለሚገባ አእምሮአቸውን ይጐዳል። በ2006 የሸንጎው ዳኞች በሦስት ኩባንያዎች ላይ ፈረዱ፤ ቤቶቹን ለማጽዳት ወደ 2.4 ቢሊዮን ዶላር ያስፈልጋል ተብሎም ተገመተ። ሆኖም በ2008 የክፍለ ሀገሩ የበላይ ፍርድ ቤት ፍርዱን ሻረው። ሚስተር ማክኮኔልም በዚህ ተቈጥተው ውሳኔውን የሚነቅፍ ጽሑፍ በጋዜጣ አወጡ።

ወደ ልገሳው እንምጣ። ሚስተር ማክኮኔልና ባለቤታቸው በሃያ ዓመታት ያህል ጊዜ ውስጥ ለዴሞክራት ተወዳዳሪዎችና ድርጅቶች 700,000 ዶላር ገደማ ሰጥተው ነበር። ከተቀባዮቹ መካከል ራሳቸው የሮድ አይላንድ ሴናቶሮች፣ ሚስተር ጃክ ሪድና ሚስተር ሼልደን ዋይትሃውስ ይገኙበታል። እነዚሁ ሁለት ሴናቶሮች ዕጩውን ደግፈው በምክር ቤቱ ፊት ተናገሩ። አንባቢ እዚህ ላይ ቆም ብሎ ቢያስብ ተቃዋሚዎቹ ምን እንዳሉ ሳልነግረው ይደርስበታል። ሬፑብሊካኖቹ ወንበሩ እንደ ዕቃ ተሸጠ እስከ ማለት የደረሰ ወቀሳ አሰሙ። ደጋፊዎቹ ደግሞ ጠበቃው ለሚያምንበት ወገን ከኪሱ የሰጠው በሕግ የተፈቀደለትን ነው፤ በአደባባይም ተመዝግቧል፤ ያልተደበቀ ነገር እንዴት ኀጢአት ይሆናል? ሲሉ መለሱ። በእውነቱ ሁለቱም ወገኖች ፕሬዚዳንቱ የእነርሱ ሰው በሆነ ጊዜ የገዛ ወገናቸውን ለጋሾች ለወንበር ሲያጩ ኖረዋል፤ ስለ ልገሳ የሚጮኸው ሁልጊዜ በወንበሩ ተራ ያልደረሰው ነው።

የአሜሪካ የንግድ ምክር ቤት የገባው በዚህ ክርክር መካከል ነው። ይህ ምክር ቤት በ1912 ሲቋቋም ጀምሮ ለአውራጃ ፍርድ ቤት የታጨን ሰው በይፋ ተቃውሞ አያውቅም ነበር። በሚስተር ማክኮኔል ላይ ግን ለሴናቶሮቹ የተቃውሞ ደብዳቤ ጻፈ። የደብዳቤው ዋና ነገር ግን ልገሳው አልነበረም። ምክር ቤቱ የፈራው፣ ሥራቸውን ሁሉ ኩባንያዎችን በመክሰስ ያሳለፉ ሰው ነገ ኩባንያ ተከሳሽ ሆኖ ሲቀርብላቸው ሚዛኑን እኩል ይዘው ያያሉ ወይ የሚለውን ነበር። ፋብሪካ ወይም መደብር ላለው ሰው ይህ ፍርሃት የሚገባ ነው። እኔም ብሆን የምሠራላቸው ነጋዴ ክርክር ቢገጥማቸው፣ ትናንት የነጋዴ ከሳሽ የነበረ ጠበቃ ዛሬ ዳኛ ሆኖ ሳየው ልቤ መስጋቱ አይቀርም።

ሆኖም አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ለአንባቢ እውነቱን መንፈግ ይሆንብኛል። ያው የንግድ ምክር ቤት ራሱ በአሜሪካ ፖለቲካ ብዙ ገንዘብ ከሚያፈሱት ድርጅቶች አንዱ ነው፤ ዳኞች በሕዝብ ድምፅ በሚመረጡባቸው ክፍላተ ሀገርም የሚመቹት ዳኞች እንዲመረጡ ገንዘቡን አውጥቷል። ስለዚህ ስለ ልገሳ ቢከራከር ኖሮ ክርክሩ ወደ ራሱ ይመለስበት ነበር። በደብዳቤው ላይ የልገሳውን ነገር ወደ ጐን ማለቱ፣ እንደ እኔ አሳብ፣ ብልኅነት ነው።

ዕጩነቱ በ2010 ሳይጸድቅ ቀረና በጃንዋሪ 2011 እንደገና ቀረበ። በዚያን ጊዜ በነበረው ሥርዐት የተቃዋሚዎችን ክርክር ለመዝጋት ከመቶው ሴናቶሮች የስድሳው ድምፅ ያስፈልግ ነበር። ሜይ 4 ቀን 2011 ክርክሩ በ63 ለ33 ድምፅ ተዘጋ። ሚስተር ጆን ማክኬይንን የመሳሰሉ ሬፑብሊካኖችም ዕጩውን ባይወዱም የአውራጃ ዳኛ ሹመት ድምፅ ሳይሰጥበት ታግዶ መቅረት የለበትም ብለው ለመዝጋቱ ድምፅ ሰጡ። በዚያው ዕለት ሹመቱ በ50 ለ44 ጸደቀ። በ2013 ምክር ቤቱ ሥርዐቱን ለውጦ ለእንደዚህ ያለው ሹመት ተራ ብልጫ ይበቃል ስላለ፣ ያን የመሰለ የስድሳ ድምፅ ትግል ከዚያ ወዲህ በአውራጃ ዳኛ ላይ አልታየም።

ነገሩ በዚህ ያበቃ መስሎ ነበር። አንድ ሰው የፌዴራል ዳኛ ከሆነ በኋላ ለፖለቲካ ወገን ገንዘብ እንዳይሰጥ የዳኞች የሥነ ምግባር ደንብ ይከለክለዋል፤ እንግዲህ በመዝገቡ ላይ የሚጨመር አዲስ ነገር የለም። ነገር ግን በጃንዋሪ 2025 ፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕ የፌዴራል መንግሥት የርዳታ ገንዘብ እንዲታገድ ባደረጉ ጊዜ፣ ሃያ ሁለት ክፍላተ ሀገርና የዋሽንግተን ከተማ ክስ አቀረቡ፤ ክሱም የደረሰው በዚያን ጊዜ የፍርድ ቤቱ ዋና ዳኛ ከነበሩት ከሚስተር ማክኮኔል ዘንድ ነበር። እርሳቸውም እገዳው ለጊዜው እንዲቆም አዘዙ። ወዲያውኑ ከአሥራ አራት ዓመት በፊት በሴኔቱ የተነበበው የልገሳ መዝገብ ከሣጥኑ ወጣ። ይህ የዴሞክራቶች ገንዘብ ሰጪ ነው፤ ፍርዱም የወገን ፍርድ ነው ተባለ። አንድ የሬፑብሊካን እንደራሴም ዳኛው ከወንበራቸው እንዲነሡ የክስ ማመልከቻ አቀረቡ። ውሳኔው ሕጉን የተከተለ ነው አይደለም የሚለውን በሕጉ አንቀጽ ከመሟገት ይልቅ የድሮ ደረሰኝ ማሳየት ለብዙ ሰው ቀላል ሆኖ ተገኘ።

የገንዘቡ ትልቅነት ነው ነገሩን ያከበደው የሚል ሰው ቢኖር፣ የኒው ዮርኩን ዳኛ የሚስተር ሁዋን መርቻንን ነገር ይመልከት። እርሳቸው በ2020 ለዴሞክራቶች የሰጡት በጠቅላላው 35 ዶላር ነበር። ያን ጊዜ በወንበር ላይ ስለ ነበሩና የክፍለ ሀገሩ ደንብ ስለሚከለክል፣ የዳኞችን ጠባይ የሚመረምረው ኮሚሽን በ2023 ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ነገሩን ዘጋው። የዳኞች የሥነ ምግባር አማካሪ ኮሚቴም ይህን ለመሰለው ጥቂት ገንዘብ ተብሎ የዳኛው አለማዳላት አይጠረጠርም አለ። ነገር ግን በ2024 ሚስተር ትራምፕ በእርሳቸው ችሎት በቀረቡ ጊዜ ያች 35 ዶላር በየጋዜጣው ተጻፈች። ለአንድ ሰው ምሳ የምትሆን ገንዘብ ናት።

ገንዘቡ ከተከራካሪው ወደ ዳኛው የሄደ እንደ ሆነስ? ይህ ከቀደሙት የባሰ ነው። በምዕራብ ቨርጂኒያ በ2002 ሚስተር ሂዩ ኬፐርተን የተባሉ የድንጋይ ከሰል ነጋዴ ማሲ በተባለ ትልቅ ኩባንያ ላይ 50 ሚሊዮን ዶላር ተፈረደላቸው። ይግባኙ ሳይታይ በ2004 የክፍለ ሀገሩ የበላይ ፍርድ ቤት የዳኞች ምርጫ ደረሰ፤ የማሲ ሥራ አስኪያጅ ሚስተር ዶን ብላንከንሺፕም ሚስተር ብሬንት ቤንጃሚን የተባሉት ጠበቃ እንዲመረጡ 3 ሚሊዮን ዶላር ያህል አወጡ። ከዚህ ውስጥ በቀጥታ ለተወዳዳሪው የተሰጠው 1,000 ዶላር ብቻ ነበር፤ የቀረው በሌሎች ማኅበሮችና በማስታወቂያ በኩል አለፈ። ሚስተር ቤንጃሚን ተመረጡ፤ ከችሎት ይነሡ ቢባሉ እምቢ አሉ፤ ፍርዱም በ3 ለ2 ድምፅ ተሻረ። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በጁን 2009 በ5 ለ4 ድምፅ ዳኛው መነሣት ነበረባቸው ሲል ወሰነ።

ከዚህ ወዲያ የሆነውን ጥቂት ሰው ነው የሚያስታውሰው። ጉዳዩ እንደገና ሲታይ፣ ሚስተር ቤንጃሚን በሌሉበት ችሎት፣ ማሲ በ4 ለ1 ድምፅ ረታ። ምክንያቱም በቀድሞው የንግድ ውል ውስጥ ክርክር ቢነሣ በጎረቤቱ በቨርጂኒያ ፍርድ ቤት ይታያል የሚል አንቀጽ መኖሩ ነበር። ሚስተር ቤንጃሚን ከመጀመሪያው ቢነሡ ኖሮ ኩባንያው በንጹሕ ፍርድ ረትቶ መሄድ ይችል ነበር ለማለት ያስደፍራል፤ በ3 ሚሊዮን ዶላሩ ምክንያት ግን ድሉ ሁሉ የተገዛ መሰለ።

ይህን ጽሑፍ ለማተሚያ ከመላኬ በፊት ለምሠራላቸው ነጋዴ አነበብሁላቸው። እስከ መጨረሻው ዝም ብለው ሰሙኝና «እስቲ የአሜሪካኑን የቡና ውል አምጣው» አሉኝ። ፋይሉን አወጣሁ። ክርክር ቢነሣ በኒው ዮርክ በግልግል ዳኞች ይታያል ይላል። የግልግል ዳኞቹ ብዙውን ጊዜ ራሳቸው የቡና ንግድ ሰዎች መሆናቸውን ገለጽሁላቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ጥቂት አሰቡና፣ «ለፖለቲካ የሰጡትስ ተመዝግቧል አልኸኝ፤ ከገዢያችን ጋር ያላቸው ንግድ ደግሞ የት ነው የተጻፈው?» ብለው ጠየቁኝ። ለደንበኛችን ይህንኑ የሚጠይቅ ደብዳቤ እንዳዘጋጅ ታዝዣለሁ፤ ሰኞ በፖስታ ይሄዳል።