የፊርማው ገንዘብ ያጓጓል፤ ወሳኙ ግን ሮያሊቲው ነው

በአገራችን ከ1986 ዓ.ም. ወዲህ «ሊዝ» ሲባል መንግሥት አከራይ፣ ባለሀብቱ ተከራይ የሆነበት የከተማ ቦታ ውል ነው። በአሜሪካ በፔንሲልቫኒያ፣ በኦሃዮ ወይም በቴክሳስ አንድ ገበሬ «ሊዝ ፈረምኩ» ሲል ግን አከራዩ እርሱ ራሱ ነው፤ ተከራዩ የነዳጅ ኩባንያ ነው። የሚከራየውም ማሳው ሳይሆን ከማሳው ሥር፣ በፔንሲልቫኒያ ለምሳሌ ከአንድ ተኩል እስከ ሁለት ኪሎ ሜትር ተኩል ጥልቀት ላይ የሚገኘው ሼል የተባለው ጥቁር ዐለትና በውስጡ የታመቀው ጋዝ ነው።

የልዩነቱ ምንጭ ሕግ ነው። በእኛ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት መሬትም ሆነ የተፈጥሮ ሀብት የመንግሥትና የሕዝብ ነው። በኦጋዴን የካሉብን ጋዝ ማውጣት የሚፈልግ ኩባንያ የሚዋዋለው ከመንግሥት ጋር ነው። በአሜሪካ ግን የግል መሬት ባለቤት የከርሰ ምድሩም ባለቤት ሊሆን ይችላል። «ሊሆን ይችላል» ያልነው ያለ ምክንያት አይደለም። የሣሩ ባለቤት አንድ፣ ከሣሩ በታች ያለው ጋዝ ባለቤት ሌላ ሆነው የሚገኙበት ቦታ ብዙ ነው። ከመቶ ዓመት በፊት መሬቱን የሸጠ ሰው ማዕድኑን ለራሱ አስቀርቶ ከነበረ፣ የዛሬዎቹ ባለመብቶች በየክፍለ ግዛቱ የተበተኑ የልጅ ልጆቹ ናቸው። በሕጉም ከላይኛው ይልቅ የታችኛው መብት ያይላል፤ የማዕድኑ ባለቤት ወይም ከእርሱ የተከራየው ኩባንያ ለሥራው በሚያስፈልገው መጠን በመሬቱ ላይ መንገድ ማውጣትና መቆፈር ይችላል። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «ስንት ይከፈለኛል?» ሳይሆን «የማከራየው ነገር የእኔ ነው ወይ?» የሚለው ነው። መልሱም ያለው በካውንቲው የውል መዝገብ ውስጥ ነው።

ላንድማኑ በር ሲያንኳኳ

ይህን መዝገብ ከባለ መሬቱ ቀድሞ የሚያገላብጠው «ላንድማን» የሚባለው ሰው ነው። ሥራው የማዕድኑን ባለቤት አጣርቶ ማወቅና ውል ማስፈረም ነው። እንደ እኛ አገር ደላላ ከሁለቱም ወገን ኮሚሽን አይቀበልም፤ የሚከፍለው አንዱ ወገን ብቻ ነው፣ እርሱም ኩባንያው። ይዞት የሚመጣው የውል ቅጽም በኩባንያው የተዘጋጀ ነው። ቅጹ ታትሞ በመምጣቱ ብቻ የማይነካ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። ነገር ግን ዋና ዋናዎቹ አንቀጾች ሁሉ ለድርድር የሚቀርቡ ናቸው።

ላንድማኑ አስቀድሞ የሚያነሣው የቦነስን ነገር ነው። ቦነስ ማለት ውሉ ሲፈረም በኤከር እየተሰላ አንድ ጊዜ የሚከፈል ገንዘብ ነው (አንድ ኤከር 4,047 ካሬ ሜትር ነው)። በመርካቶ ሱቅ ሲያዝ «የቁልፍ» ተብሎ ከሚከፈለው ጋር ይመሳሰላል። ጉድጓድ ተቆፈረም አልተቆፈረም ተመላሽ አይሆንም።

የቦነስ ገበያ እንደ ቡና ገበያ ነው፤ ወሬ ያስወጣዋል፣ ወሬ ያወርደዋል። በቴክሳስ ባርኔት የተባለውን ሼል በውኃ ግፊት ሰንጥቆ ጋዙን በሚያዋጣ ዋጋ ማውጣት የተቻለው የጆርጅ ሚቸል ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ዘዴውን ካሻሻለ በኋላ ነው። ሬንጅ ሪሶርስስ ይህንኑ ዘዴ እ.ኤ.አ. በ2004 በፔንሲልቫኒያው ማርሴለስ ዐለት ላይ ሞከረው። በእነዚያ ዓመታት በዚያ ገጠር አንድ ኤከር በጥቂት አሥር ዶላሮች ይፈረም ነበር። እ.ኤ.አ. በጥር 2008 ቴሪ ኢንግልደርና ጋሪ ላሽ የተባሉ ሁለት የሥነ ምድር ምሁራን ከማርሴለስ 50 ትሪሊዮን ኪዩቢክ ፊት ጋዝ ሊወጣ እንደሚችል ገመቱ። በዚያው ዓመት አጋማሽ ቦነስ በሺህ ዶላር ይጠራ ጀመር። ቀድሞ የፈረመና ቆይቶ የፈረመ ጎረቤታሞች በአንድ አጥር ተለያይተው የብዙ እጥፍ ልዩነት ያዩት ያን ጊዜ ነው።

ቆይቶ መፈረም ግን ሁልጊዜ አያተርፍም። በፎርት ዎርዝና በአርሊንግተን ከተሞች እ.ኤ.አ. በ2008 የአንድ ኤከር ቦነስ ከ20,000 ዶላር በላይ ደርሶ ነበር። በሐምሌ ወር 13 ዶላር ገደማ የነበረው የጋዝ ዋጋ መውረድ ሲጀምርና በመስከረም የባንኮቹ ቀውስ ሲፈነዳ፣ ኩባንያዎች ያቀረቡትን ዋጋ መልሰው ሳቡ። ተሰባስበው የተሻለ ሲጠባበቁ የነበሩ የሠፈር ሰዎች ባዶ እጃቸውን ቀሩ። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2012 የጋዝ ዋጋ ከ2 ዶላር በታች ወረደ።

የቼኩ ሒሳብ

ጉድጓድ ተቆፍሮ ጋዝ መሸጥ ሲጀምር ሮያሊቲ ይመጣል፤ ይኸውም ከሽያጩ ለባለ መሬቱ የሚደርሰው ድርሻ ነው። በፔንሲልቫኒያ እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣው ሕግ ከአንድ ስምንተኛ፣ ማለትም ከ12.5 በመቶ ማነስ የለበትም ይላል። ጠበቃ የያዙና በማኅበር የተደራደሩ ባለ መሬቶች 18 በመቶና ከዚያም በላይ ያገኙበት ጊዜ አለ። ይሁን እንጂ መቶኛው ብቻውን ምንም አይናገርም። ጥያቄው «12.5 በመቶ የምኑ?» ነው።

አንባቢ በወረቀት ያስላው። አንድ ባለ መሬት 64 ኤከር አለው እንበል። ኩባንያው የጎረቤቶቹን መሬት ጨምሮ 640 ኤከር የሆነ «ዩኒት» አዋቅሯል፤ የሰውዬው ድርሻ አንድ አሥረኛ ነው። ጉድጓዱ በወር 100 ሺህ ጊዜ አንድ ሺህ ኪዩቢክ ፊት ይሰጣል፣ አንዱ ሺህ ኪዩቢክ ፊት በ3 ዶላር ይሸጣል። ጠቅላላ ሽያጩ 300,000 ዶላር፣ የሮያሊቲው 12.5 በመቶ 37,500 ዶላር፣ የሰውዬው ድርሻ 3,750 ዶላር ይሆናል። አሁን ኩባንያው ለማሰባሰቢያ ቧንቧ፣ ለመጭመቂያ፣ ለማድረቂያና ለማጓጓዣ በሺህ ኪዩቢክ ፊት 1 ዶላር ቢቀንስስ? ቼኩ 2,500 ዶላር ይሆናል። ገበያው ወደ 2 ዶላር ሲወርድ ደግሞ የጋዙ ዋጋ የቀነሰው በሢሶ ሲሆን ቼኩ ግን በግማሽ ቀንሶ 1,250 ዶላር ይገባል። ወጪው ዋጋ ስለ ወረደ አይወርድምና። ተቀናሽ የሚከለክል ውል የፈረመው ጎረቤት በዚያው ወር 2,500 ዶላር ያገኛል። ሁለቱም ግን «12.5 በመቶ ፈርመናል» ይላሉ።

ባለ መሬቶች ሕጉ የሚለው 12.5 በመቶ ከጠቅላላ ሽያጩ ነው ብለው ተከራክረው ነበር። የፔንሲልቫኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ኪልመር እና ኤሌክስኮ በተባለው ጉዳይ እ.ኤ.አ. በ2010 በሰጠው ፍርድ፣ ጋዙ ከጉድጓዱ ከወጣ በኋላ ያለው ወጪ መቀነሱ ሕጉን አይጥስም አለ። እ.ኤ.አ. በ2015 የክፍለ ግዛቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ቼሳፒክ ኢነርጂን በሮያሊቲ ተቀናሽ ምክንያት ከሰሰ፤ ጉዳዩ በ2021 በስምምነት አለቀ። በመካከሉ በ2020 ኩባንያው የኪሣራ ከለላ ጠይቆ ነበር። ከኩባንያው ጋር መሟገት ምን ያህል እንደሚረዝም ከዚህ መገመት ይቻላል። ውሉ ውስጥ «ያለ ተቀናሽ» የሚል አንድ መስመር ማስገባት ከዚያ ሁሉ ይቀላል።

ታዲያ ከፍ ያለ ቦነስ ወይስ የተሻለ የሮያሊቲ አንቀጽ? በኤከር 500 ዶላር ጭማሪ ለ64 ኤከር 32,000 ዶላር ነው። የሼል ጉድጓድ ምርት ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያው ዓመት ብቻ ከግማሽ በላይ ስለሚወርድ፣ በዩኒቱ ላይ አንድ ጉድጓድ ብቻ ከተቆፈረ ቦነሱን የመረጠው ሰው ላይጸጸት ይችላል። ስድስት ጉድጓድ ከተቆፈረ ግን የተቀናሹ ልዩነት በመጀመሪያው ወር 7,500 ዶላር ነው፤ ምርቱ እየወረደም ቢሆን ቦነሱ ዓመት ሳይሞላ ይበለጣል። እንደ እኛ አመለካከት መሬቱ ከምርታማው ሥፍራ ዳር የሆነ ሰው ቦነሱን፣ ከመካከሉ የሆነ ሰው አንቀጹን ቢያጠብቅ ይሻላል። መካከልና ዳር ለማወቅ ደግሞ ኩባንያዎች በአካባቢው ያወጡትን የቁፋሮ ፈቃድ ማየት ነው፤ ፈቃዱ ለሕዝብ ክፍት ነው።

አምስት ዓመት የተባለው ውል

ብዙዎች የሚስቱት የዘመኑን አንቀጽ ነው። ውሉ «ለአምስት ዓመት» ይላል፤ ቀጥሎ ግን «ከዚያም በኋላ ጋዝ እስከተመረተ ድረስ» የሚል ሐረግ ይከተላል። በዚህ ሐረግ ምክንያት አንዲት ደካማ ጉድጓድ ውሉን ለሠላሳ ዓመት ልታቆየው ትችላለች። በፔንሲልቫኒያና በኦሃዮ አያቶቻቸው ጥልቀት ለሌለው ጋዝ በፈረሙት ውል ሳቢያ፣ የጥልቁ ሼል መብትም በዚያው በአሮጌው ዋጋ ታስሮ የተገኘባቸው ቤተሰቦች አሉ። ከዩኒቱ ውጭ የቀረው መሬት ዘመኑ ሲያበቃ እንዲለቀቅ የሚያደርገው «የፒው አንቀጽ» የሚባለው ነው። አንቀጹ ለጥልቀትም ሊጻፍ ይችላል፤ በኩባንያው ቅጽ ላይ ግን አብዛኛውን ጊዜ አይገኝም።

አልፈርምም ማለትስ? በኦሃዮ አብዛኛው የዩኒቱ መሬት ከተፈረመ ኩባንያው የቀረውን በመንግሥት ትዕዛዝ ማስገባት ይችላል። በፔንሲልቫኒያ ለማርሴለስ እንዲህ ያለ አስገዳጅነት የለም። ሆኖም በሰስኩሀና ካውንቲ 11 ኤከር ገደማ ያለው ያልፈረመ ቤተሰብ፣ በአጠገቤ ባለው ጉድጓድ ዐለቴ ተሰንጥቆ ጋዜ ተወሰደ ብሎ ሲከስ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2020 የጥንቱ ደንብ ይሠራል አለ፤ ጋዙ ባወጣው ሰው ይያዛል፣ ቁፋሮው ወይም የሚረጨው ፈሳሽ ወሰን አልፎ ካልገባ በቀር።

የውኃው ጉዳይም በዶላር ብቻ አይለካም። በዚያው ካውንቲ በዲሞክ መንደር እ.ኤ.አ. በ2009 መጀመሪያ አንድ የመጠጥ ውኃ ጉድጓድ ከፈነዳ በኋላ፣ ጋዝ ወደ ቤቶች ውኃ መግባቱ ለዓመታት አከራክሯል። ከ2012 ወዲህ የፔንሲልቫኒያ ሕግ ከጋዝ ጉድጓዱ 2,500 ፊት፣ ማለትም 760 ሜትር ገደማ ውስጥ ያለ ውኃ ሥራው ባለቀ በ12 ወር ውስጥ ከተበላሸ ጥፋተኛው ኩባንያው እንደሆነ ይገምታል። ነገር ግን ባለ መሬቱ ከቁፋሮው በፊት ውኃው እንዲመረመር ኩባንያውን ከከለከለ ይህ ከለላ ይቀርበታል። «ግቢዬ አትገቡም» ብሎ መቆጣት ዋጋ ያስከፍላል ማለት ነው።

ለወገኖቻችን አንድ ነጥብ እንጨምር። ባርኔት ከዳላስ በስተምዕራብ በፎርት ዎርዝና በአርሊንግተን መኖሪያ ሠፈሮች ሥር ሁሉ ይዘረጋል፤ በአካባቢው ቤት የገዙ ኢትዮጵያውያንም ጥቂት አይደሉም። የቤት ሽያጭ ውል ላይ ሻጩ ማዕድኑን «አስቀርቻለሁ» ብሎ ከሆነ ቤቱ የገዢው፣ ቼኩ የሻጩ ይሆናል። ማዕድኑ ከቤቱ ጋር ተላልፎ ከሆነ ደግሞ አዲሱ ባለቤት ርስቱ የተላለፈበትን ሰነድ ቅጂ ለሚያመርተው ኩባንያ ካላስታወቀ፣ ሮያሊቲው በቀድሞው ባለቤት ስም መላኩን ይቀጥላል። የሠፈር ቤት ድርሻ በወር ከጥቂት ዶላር ላይበልጥ ይችላል፤ በፖስታ «ሮያሊቲዎን በጥሬ ገንዘብ እንግዛዎት» የሚል ደብዳቤ የሚልኩ ገዢዎች ግን ይህንኑ ጥቂት ዶላር ከሺህ ቤት ሰብስበው ይነግዱበታል። ሊዝ ዘመኑ ሲያልቅ ይመለሳል፤ የተሸጠ ሮያሊቲ ግን ለልጅም አይተርፍም።