«ካቴጎሪው ስንት ነው?» ከማለታችን በፊት

ይህን የምጽፈው ሰማዩ ገና ጠርቶ ሳለ፣ ሂውስተን ላለነውና ሉዊዚያናም ፍሎሪዳም ዘመድ ላላችሁ ሁሉ ነው። ማዕበል በመጣ ቁጥር በየግሩፑ የሚዞረው ጥያቄ አንድ ነው፤ «ካቴጎሪው ስንት ነው?» 1 ወይም 2 ከተባለ እፎይ ብለን ወደ ሥራችን እንመለሳለን። እኔን የሚያስፈራኝ ይህ እፎይታ ነው።

ካቴጎሪ የሚለካው የነፋሱን ፍጥነት ብቻ ነው። በሰዓት 119 ኪሎ ሜትር ሲደርስ 1፣ 252 ሲደርስ 5 ይባላል። ምን ያህል ዝናብ እንደያዘ፣ ስንት ቀን አንድ ቦታ ላይ እንደሚቆም፣ ምን ያህል የባሕር ውሃ ወደ ከተማ እንደሚገፋ አይነግረንም። በ2001 ሂውስተንን አጥለቅልቆ ቴክሳስ ውስጥ ከ20 በላይ ሰው የገደለው አሊሰን ጭራሽ ሃሪኬን ደረጃ አልደረሰም ነበር። በኦገስት 2017 ሃርቪ ሮክፖርት አጠገብ ወደ የብስ ሲገባ ካቴጎሪ 4 ነበር፤ ሂውስተንን ያሰጠመው ግን ነፋሱ ተዳክሞ ምንም ካቴጎሪ ሳይኖረው ነው። በአንዳንድ ቦታዎች በጥቂት ቀናት ውስጥ ከ1,500 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ጣለ። አዲስ አበባ ዓመቱን ሙሉ ይህን ያህል አታገኝም።

የማዕበሉን አፈጣጠር ስናይ ነገሩ ሁሉ ውሃ መሆኑ ግልጽ ይሆናል። አነሳሱ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከእኛው አገር አካባቢ ነው። በክረምት ወራት ሰሃራ እጅግ ይግላል፣ ከሥሩ ያለው የጊኒ ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ ደግሞ እርጥብና ቀዝቀዝ ያለ ነው። በዚህ ልዩነት የተነሳ ከመሬት ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የሚነፍስ ጠንካራ ነፋስ ይፈጠራል። በኢትዮጵያ ደጋና በዳርፉር ተራሮች ላይ የሚከማቸው የነጎድጓድ ደመና ይህን ነፋስ ሲያውከው መስመሩ እየተጠማዘዘ ሞገድ ይሆናል። ሞገዱ ሱዳንንና ቻድን አልፎ፣ ምዕራብ አፍሪካን አቋርጦ አትላንቲክ ላይ ይወጣል። በዓመት 60 ያህል እንዲህ ያሉ ሞገዶች ይወጣሉ፤ አብዛኞቹ ምንም ሳይሆኑ ይጠፋሉ። ነገር ግን በአትላንቲክ ካቴጎሪ 3 እና ከዚያ በላይ ከሚደርሱት ሃሪኬኖች 85 በመቶ የሚሆኑት ዘራቸው ከእነዚህ ሞገዶች ነው። የ2000ውን ሃሪኬን አልቤርቶን ተመራማሪዎች ወደ ኋላ ተከትለው ኢትዮጵያ ደጋ ላይ ከተነሳ ነጎድጓድ ጋር አገናኝተውታል። ገበሬው ጤፍ ሊዘራ ቀና ብሎ የሚያየው ሰማይ ከዚህ ባሕር ጋር እንዲህ መያያዙ ሁልጊዜ ይደንቀኛል።

ሞገዱ ባሕር ላይ ሲደርስ ሞቅ ያለ ውሃ ይፈልጋል፤ ቢያንስ 26.5 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ያውም ላይ ላዩን ብቻ ሳይሆን እስከ 50 ሜትር ያህል ጥልቀት። ከባሕሩ የተነነው እርጥበት ወደ ላይ ወጥቶ ሲቀዘቅዝ መልሶ ጠብታ ይሆናል፣ ያኔ ሲተን የወሰደውን ሙቀት ይለቃል። ሙቀቱ አየሩን የባሰ ወደ ላይ ያነሳዋል፣ ከሥር የአየር ግፊቱ ይወርዳል፣ ከዙሪያው ሌላ እርጥብ አየር ተስቦ ይገባል፤ ያም በተራው ይወጣል። ምድር ስለምትዞር የሚገባው አየር ቀጥ ብሎ አይመጣም፣ እየተሽከረከረ ነው። ከፍታ ላይ ያለው ነፋስ ከታችኛው ጋር በጣም ከተለያየ ማዕበሉ ይበታተናል፤ ካልተለያየ ግን መሃሉ ላይ ዓይን ይከፈታል። ዓይኑ ሲያልፍባችሁ ፀጥ ይላል። አለቀ ብላችሁ እንዳትወጡ፤ ነፋሱ ወዲያው ከተቃራኒው አቅጣጫ ይመለሳል።

ወቅቱ ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 ነው። የሚበረታው ሴፕቴምበር 10 ገደማ፣ ጳጉሜን 5፣ እኛ ለእንቁጣጣሽ ሽር ጉድ ስንል ነው።

አሜሪካ ውስጥ ከ1963 እስከ 2012 ማዕበሎች በቀጥታ ከገደሏቸው ሰዎች ከአሥሩ ዘጠኙ ያህል የሞቱት በውሃ ነው። ካትሪና በ2005 ሚሲሲፒ ዳርቻ ላይ ከ8 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የባሕር ውሃ አምጥታለች። በ2024 ሄሊን ከባሕር በመቶዎች ኪሎ ሜትር የራቀችውን ተራራማዋን አሽቪልን በጎርፍ አውድማለች። ስለዚህ ከካቴጎሪው በፊት ልናውቀው የሚገባን ነገር ቤታችን ያለበትን ቦታ ነው። የካውንቲያችሁ ድረ ገጽ ላይ አድራሻችሁን አስገብታችሁ የመልቀቂያ ዞናችሁን እዩ። ምድር ቤት አፓርታማ የተከራያችሁ በተለይ። ልቀቁ ከተባላችሁ ልቀቁ።

ኡበርና ታክሲ የምትነዱ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ 30 ሴንቲ ሜትር የሚፈስ ውሃ ትንሽ መኪና ይወስዳል። በሌሊት ድልድይ ሥር የተኛ ውሃ ጥልቀቱ አይታይም። የትኛውም ተሳፋሪ ለዚያ አይበቃም፤ ተመለሱ።

የትንበያው ካርታ ላይ የሚታየው ነጭ ሾጣጣም ብዙ ሰው ያሳስታል። የሚያሳየው የማዕበሉ መሃል ሊሄድበት የሚችለውን መንገድ እንጂ ጉዳት የሚደርስበትን አካባቢ አይደለም። ከሾጣጣው ውጭ ሆናችሁም ቤታችሁ ሊጥለቀለቅ ይችላል።

ስለ ከሰል ደግሞ እባካችሁ ስሙኝ። በጁላይ 2024 ቤሪል ሂውስተን አካባቢ ከ2 ሚሊዮን በላይ ደንበኞችን መብራት አሳጣ፤ አንዳንዱ ሰፈር ከሳምንት በላይ በዚያ ሙቀት በጨለማ ቆየ። መብራት ሲጠፋ የእኛ ሰው እጁ የሚሄደው ወደ ምድጃው ነው፤ ቡና ይፈላል፣ ወጥ ይሞቃል። ከሰልም ጀነሬተርም ሽታም ቀለምም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣሉ። በ2020 ሃሪኬን ላውራ ካለፈች በኋላ ሉዊዚያና ውስጥ በጀነሬተር ጭስ ቤተሰብ ተሰብስቦ ሞቷል። መስኮት መክፈት አያድንም፣ ጋራዥም ቤት ውስጥ ነው። ጀነሬተር ከቤት ቢያንስ 6 ሜትር ይራቅ፤ ከሰል ደጅ ብቻ።

ለምግብ እኛ ታድለናል። በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ጭኮ እሳት አይፈልጉም። ውሃ ለአንድ ሰው በቀን 4 ሊትር ያህል አስቡ፣ ለበርካታ ቀናት የሚበቃ። መድኃኒት፣ ጥሬ ገንዘብ፣ ፓስፖርትና ግሪን ካርድ ውሃ በማያስገባ ላስቲክ አድርጋችሁ አንድ ቦርሳ ውስጥ ይሁኑ።

የልጅ ልጅ ሊጠብቁ የመጡ እናቶቻችንና አባቶቻችን ቤት ብቻቸውን ሲውሉ ስልኩ የአደጋ ማስጠንቀቂያ ሲደርሰው በእንግሊዝኛ ይጮኻል፣ እነሱ ይደነግጣሉ። ዛሬ አስቀምጣችሁ አስረዷቸው፤ ሲጮኽ ለማን እንደሚደውሉ፣ ቦርሳው የት እንዳለ፣ የጎረቤቱ በር የትኛው እንደሆነ። «ሃሪኬን ዎች» ከባዱ ነፋስ ሊደርስ 48 ሰዓት ያህል ሲቀረው፣ «ዋርኒንግ» ደግሞ 36 ሰዓት ያህል ሲቀረው የሚወጣ ነው፤ ለመውጣት ዋርኒንጉን አትጠብቁ።

አንድ የቀረ ነገር፣ የተለመደው የቤት ኢንሹራንስ ጎርፍ አይሸፍንም። የፌዴራሉ የጎርፍ መድን አብዛኛውን ጊዜ ከተገዛ 30 ቀን ካላለፈ ሥራ አይጀምርም፤ ማዕበሉ ስም ከወጣለት በኋላ መደወል ዋጋ የለውም። የመልቀቂያ ዞናችሁን ማግኘት የቸገራችሁ ካላችሁ አድራሻችሁን ግሩፑ ላይ አትጻፉ፤ ለብቻዬ ላኩልኝ፣ አብረን እንፈልጋለን።