ሲጠሩት የሚመጣ ውሻ ለቤተሰብ ዋስትና ነው

በጎንደር ከተማ፣ ከአዘዞ እስከ ቅዳሜ ገበያ፣ ግቢ ያለው ቤት ብዙውን ጊዜ ውሻ አያጣም። ወደ ሰሜን ወጣ ሲባልም በዳባት፣ በደባርቅና በጃናሞራ ደጋማ ቀበሌዎች በግና ጥጃን ከጅብ የሚጠብቀው ውሻ ነው። ውሻ ይህን ያህል ቢያገለግልም አስተዳደጉ በአመዛኙ ለአጋጣሚ የተተወ ነው። ቡችላው ከመጣበት ቀን ጀምሮ የሚያውቀው ገመድ፣ ዱላና «ውጣ!» የሚለውን ቃል ይሆናል። እንዲህ ያደገ ውሻ ሰው እጁን በዘረጋ ቁጥር ድንጋይ የሚወረወርበት ይመስለዋል፤ ወይ ይሸሻል፣ ወይ ይናከሳል።

ጉዳዩ እናቶችን በቀጥታ የሚመለከተው እዚህ ላይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚያስረዳው የእብድ ውሻ በሽታ ከያዛቸው 100 ሰዎች ለ99ኙ ያህል መነሻው ውሻ ሲሆን፣ ከተጎጂዎቹም ከ100ው 40 ያህሉ ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። ምልክቱ በሰው ላይ አንዴ ከታየ በኋላ ማዳን አይቻልም ማለት ይቀላል። መከላከያው ግን አለ፤ እርሱም ውሻውን ማስከተብ ነው። ይሁንና በክትባት ቀን ባለቤቱን እንኳ የማያስጠጋ ውሻ ሳይከተብ ይቀራል። ስለሆነም ቡችላን «ና» ሲሉት እንዲመጣ ማስተማር የልጆችን ሕይወት ከመጠበቅ የሚቆጠር ሥራ ነው።

መቼና በምን ይጀመራል?

ቡችላ እስከ 8 ሳምንት ዕድሜው ከእናቱ ጋር ቢቆይ መልካም ነው። ቤት እንደገባ ግን ትምህርቱን መጀመር ይቻላል። አንዱ ትምህርት ከ5 ደቂቃ አይብለጥ፤ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ይበቃል። ከሥራ የተመለሰች እናት ቡናው እስኪፈላ ባለው ጊዜ ልታከናውነው ትችላለች።

ለሽልማት የሚሆነው ነገር ከማጀት አይታጣም። የሽምብራ ፍሬ የምታክል የተቀቀለ ሥጋ ወይም እንቁላል፣ በጾም ወራትም ደረቅ ዳቦ ወይም የተቀቀለ ድንች ይሆናል። ወጥ የነካው እንጀራ አይሰጠው፤ ሽንኩርት የውሻን ደም ይጎዳል። የበሰለ የዶሮ አጥንትም ተሰንጥቆ አንጀቱን ሊወጋው ይችላል።

ሽልማቱ ቡችላው የታዘዘውን በፈጸመበት ቅጽበት ይሰጠው። ከዘገየ በየትኛው ሥራው እንደተሸለመ አይገባውም።

ሦስቱ ትእዛዞች

«ና»፦ ሁለት ሰዎች ጥቂት እርምጃ ተራርቀው ይቀመጡ። አንዱ ስሙን ጠርቶ «ና» ይበለው፤ ሲመጣ ቁራሹን ሰጥቶ ይደባብሰው። ቀጥሎ ሌላው ይጥራው። ልጆች ከበር ጀርባ ሆነው ሲጠሩት ድብብቆሽ ስለሚሆንላቸው ይወዱታል። ቡችላው ሲለምድ አንገቱን በእጅ ያዝ አድርጎ፣ ሸልሞ መልቀቅ ያሻል፤ በክትባት ቀን መያዝን የሚቀበለው በዚህ ልምድ ነው። ጠርቶ መምታት ግን በፍጹም አይገባም። ጫማ ሲያኝክ ቢገኝ እንኳ «ና» ተብሎ የተመታ ቡችላ ሁለተኛ አይመጣም።

«ቁጭ በል»፦ ቁራሹን ከአፍንጫው ከፍ አድርጎ ወደ ራሱ በኩል ቀስ ብሎ መውሰድ ነው። አንገቱን ሲያቀና ቂጡ ራሱ መሬት ይነካል። ያን ጊዜ ቃሉን ተናግሮ መሸለም ነው፤ ጀርባውን መጫን አያስፈልግም።

«ተወው»፦ ቁራሹን በጨበጡት እጅ ውስጥ አድርጎ ማቅረብ ነው። ያሸታል፣ ይልሳል፤ ሰልችቶት ፊቱን ሲመልስ በሌላው እጅ መሸለም ነው። በመንገድ የወደቀ ጥንብ ሲያገኝ ይህ ቃል ይጠቅማል።

በጨዋታ መሐል እጅ ቢነክስ መጮህና መማታት ጨዋታውን ያብሰዋል እንጂ አያቆመውም። እጅን ሰብስቦ፣ ፊትን አዙሮ ዝም ማለት ይሻላል። መናከስ ጨዋታውን እንደሚያስቀርበት ቶሎ ይረዳል።

ቤተሰቡ በአንድ ቃል ይስማማ

በእኛ ቋንቋ ለወንዱ «ና»፣ ለሴቷ «ነይ» ይባላል። አባት «ና»፣ ልጅ «ነይ»፣ አያት ደግሞ «ወዲህ» የሚሉ ከሆነ ቡችላው የትኛውን ይስማ? እርሱ የሚለየው ድምፁን ስለሆነ የቤቱ ሰው ሁሉ በአንድ ቃል ይስማማ።

ልጆችም የሚማሩት አላቸው። የሚበላ፣ የሚተኛ ወይም ግልገል የምታጠባ ውሻ አይነካም። ከማያውቁት ውሻ ፊትም ሮጦ መሸሽ እንዲከተል ይጋብዘዋል።

«እንዲህ ከለመደ ቤቱን ማን ይጠብቃል?» የሚሉ አይጠፉም። ውሻ ለእንግዳ ድምፅ የሚጮኸው በተፈጥሮው ነው፤ ሽልማት ይህን አያጠፋበትም። ቀኑን ሙሉ የታሰረ ውሻ ግን ገመዱ በተፈታ ቀን ሌባን ከጎረቤት ልጅ አይለይም።

በደጋው ያለው ጉዳት

በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ አካባቢ ለሚኖሩት ጉዳዩ ሌላም ገጽታ አለው። በዓለም ላይ የቀሩት ለአካለ መጠን የደረሱ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 አይበልጡም፤ የሚገኙትም በአገራችን ብቻ ነው። በባሌ ተራሮች እ.ኤ.አ. በ1991፣ በ2003 እና በ2008 ከውሾች የተዛመተው ይኸው በሽታ ብዙዎቹን ፈጅቷል። ሲጠራ የሚመለስና የተከተበ የእረኛ ውሻ ለእነዚህም አውሬዎች ይተርፋል።

እንግዲህ ቡችላው 3 ወር ሲሞላው ወደ እንስሳት ሕክምና ይወሰድ፤ ቀጣዩም ክትባት ባለሙያው በሚያዘው ጊዜ አይታለፍ። የዓለም የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ቀን በየዓመቱ የሚውለው በመስቀል ማግስት አካባቢ፣ መስከረም 18 ስለሆነ ለማስታወስ አያስቸግርም። ይህ ሁሉ ተደርጎም ልጅ በውሻ ቢነከስ ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውኃ 15 ደቂቃ ያህል ማጠብና በዚያኑ ዕለት ወደ ጤና ተቋም ማድረስ ነው። ቁስሉ ትንሽ ነው፣ ውሻውም የቤት ነው ተብሎ እስከ ነገ አይጠበቅም።