ጣና ላይ ውሃ ቶሎ ይፈላል

ጠጋ በሉ። ይህን የጀልባ ሞተር ሻጭ አይነግራችሁም።

እሱ የሚያሳያችሁ የፈረስ ጉልበቱን ነው። ሥራው ውስጥ ያለን ሰዎች ግን ከኋላ ነው የምንጀምረው። ጎንበስ ብለን ፕሮፔለሩን እንዳብሳለን፤ ጣታችንን በክንፎቹ ጀርባ፣ በተለይ ጫፍ ጫፉን እናስኬዳለን። ለስላሳ ከሆነ ደግ ነው። እንደ እንጀራ ዓይን ተበሳስቶ ከሆነ፣ ጀልባው እንዴት እንደከረመ ማንም ሳይነግረን አወቅን።

ማን በሳው? አሸዋ ትሉ ይሆናል። አይደለም፤ አረፋ ነው።

አዎ፣ አረፋ! ክንፉ ውሃውን ሲገፋ በፊቱ በኩል ግፊት ይጨምራል፣ በጀርባው በኩል ይቀንሳል። ግፊቱ በጣም ሲወርድ ውሃው ሳይሞቅ ይፈላል። በእንፋሎት የተሞሉ ጥቃቅን አረፋዎች ይፈጠራሉ፤ ግፊት ወደበረታበት ሲደርሱ ደግሞ በቅጽበት ይጨፈለቃሉ። እያንዳንዷ ስትጨፈለቅ ብረቱን ትመታዋለች። አንዷ ምንም አታደርግም፤ ሲደጋገም ግን ነሐስም ይበላል። ካቪቴሽን የሚሉት ይህንኑ ነው።

ታላላቆቹም ተፈትነውበታል። እንግሊዛዊው ቻርልስ ፓርሰንስ በ1894 እ.ኤ.አ. ተርቢንያ የተባለችውን መርከብ ሲሠራ ሞተሩ ጉልበት ሞልቶት ነበር፤ መርከቧ ግን እንደታሰበው አልፈጥን አለች። ሰውየው ምን አደረገ? ፕሮፔለር የሚሞክርበት ትንሽ የውሃ ዋሻ ሠርቶ አረፋውን በዓይኑ አየው። ከዚያ አንዱ ፕሮፔለር ይሸከም የነበረውን ለዘጠኝ አከፋፈለው። በ1897 እ.ኤ.አ. ለንግሥት ቪክቶሪያ ክብር በተደረገው የባሕር ኃይል ትርዒት ላይ ያቺው መርከብ ከ30 ኖት በላይ እየበረረች አሳዳጆቿን አስቀናች።

የዲዛይነሮቹ ምስጢርም ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ ጫናውን በትኑት ነው። ክንፉን ሰፋ ማድረግ፣ ጫፉን ከሸክም ማሳረፍ፣ ወደ ኋላ ማጠፍ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ትልቅ ፕሮፔለር በዝግታ ማዞር። ግን ሁሉም ዋጋ አለው። ክንፍ በሰፋ ቁጥር ውሃው ይፈትገዋል፣ ነዳጅ ይበላል። ለዚህም ጭምር ነው ጥሩ የሚባለው ፕሮፔለር እንኳ ከተሰጠው ጉልበት ከ60 እስከ 70 በመቶ ያህሉን ብቻ ወደ ግፊት የሚለውጠው።

አሁን ዋናውን ልንገራችሁ። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ነው። ባሕር ዳር ከተማ ላይ ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ገደማ ነው፤ 100 አይጠብቅም። ከላይ የሚጫነው አየር ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ያህል ስለሚያንስ፣ ከክንፉ ጀርባ ያለው ውሃም ለመፍላት ቅርብ ነው። ስለዚህ ለባሕር የተሠራ ፕሮፔለር ጣና ላይ አረፋ የሚጀምረው ቀድሞ ነው። በዚያ ላይ ቱርቦ የሌለው ሞተር በሳሳው አየር ከጉልበቱ አንድ ስድስተኛ ያህሉን ያጣል። አቅሙ የቀነሰ ሞተር በባሕሩ ፒች (ፕሮፔለሩ በአንድ ዙር ወደፊት እንዲሄድ በተሠራበት ርቀት) ሲሠራ ዙሩ አይሞላለትም፤ ይጨናነቃል፣ ነዳጅ ይጨርሳል። ጥፋቱ ሁሉ ግን እምቦጭ በተባለው አረም ላይ ይላከካል። እምቦጭ ንጹሕ ነው አልልም፤ ፕሮፔለር ላይ ሲጠመጠም አይቼዋለሁ። ብቻውን ግን አይደለም። ፒቹን ዝቅ፣ ክንፉን ሰፋ ያደረገ ባለጀልባ ልዩነቱን ያውቀዋል። ጣናነሽ ፪ የተባለችው ጀልባ ከጅቡቲ በተጎታች ስትመጣ አገር ሁሉ ርዝመቷንና መንገዱን ሲያወራ፣ እኔ የማስበው ያንን ከኋላዋ ያለውን ነበር።

ወደ ሱዳኑ ገዳሪፍ ቆላ ስንወርድ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ገዳሪፍ አካባቢ ከፍታው 600 ሜትር ገደማ ስለሆነ አየሩ ከጣናው ይከብዳል። ያው ፕሮፔለር እዚያ ወንዝ ላይ ቢውል የተሻለ ይነክሳል። ሙቀቱ ግን የራሱን ይወስዳል፤ 40 ዲግሪ የደረሰ ውሃ ወደ እንፋሎት የሚገፋበት ኃይል ከ20 ዲግሪው ከሦስት እጥፍ በላይ ነው።

እዚያ ጀልባ ባይኖራችሁም ፓምፕ ሊኖራችሁ ይችላል። የፓምፕ ውስጠኛ ክንፍ ደግሞ የፕሮፔለር እኅት ነው። ከላይ ተቀምጦ ውሃ የሚስብ ፓምፕ ጠጠር እንደዋጠ ከተንኳኳ፣ ፈትታችሁ ጠጠር አትፈልጉ፤ አታገኙም። በውስጡ ውሃ እየፈላ ነው። ሞተር ማሳደግም አይረዳም፤ ያባብሰዋል እንጂ። መጀመሪያ የመሳቢያውን ወንፊት አጽዱ፣ ቱቦው ቀጥኖ እንደሆነ ወፈር ባለው ለውጡት። ከዚያ ከፓምፑ እስከ ውሃው ያለውን ቁመት ለኩ፤ ከ6 ሜትር ካለፈ ፓምፑን ራሱን ወደ ውሃው ጠጋ አድርጋችሁ አውርዱት።